ችግኝ የተከለው ዕጩ ደኑን ምን አድርጎት ነበር?



የ7ኛው አጠቃላይ ምርጫ ወሬ በካፌውም በዶርሙም፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰብሰብ ብለን በምንቀመጥበትም ቦታ ተጀምሯል። የምርጫ ሰሞን ሲደርስ ደግሞ የለመድነው ነገር አለ። ዕጩው ቦቲ ጫማ ያደርጋል፣ አካፋ ይይዛል፣ ችግኝ ይተክላል፣ ፎቶ ይነሳል። በማግስቱ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፤ ከሥሩም “አካባቢያችንን እንጠብቅ” የሚል ጽሑፍ ይነበባል።

ችግኝ መትከልን አንነቅፍም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰውም ይብላ ወፍ ወይም እንስሳ፣ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ነግረውናል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው ሥልጣን፣ ብዕር ወይም ተሰሚነት በነበረው ጊዜ፣ ቀድሞ የቆመው ደን ሲመነጠር ምን አደረገ?

ጀመዓችን የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ እገሌን ምረጡ፣ እገሌን ተዉ አንልም። ነገር ግን ድምፅ መስጠት ምስክርነት ነው፤ “ይህ ሰው ለአማናው ይበቃል” ብሎ መመስከር ነው። ሳያዩና ሳይጠይቁ መመስከር ደግሞ በዲናችን ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳዩ ለምን የእኛ ሆነ? የምንማርበትን አገር ዙሪያውን መመልከት ይበቃል። ከቴፒ ተነስቶ በጌጫ በኩል ወደ ማሻ የተጓዘ ሰው የምንለውን ያውቃል። የካፋ ደን በ2002፣ የሸካ ደን በ2004፣ ከቴፒ አጠገብ ያለው የማጃንግ ደን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል። የአረቢካ ቡና መገኛው ይህ የደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና፣ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማል፤ ከዛፎቹ ላይ ማር ይቆረጣል። ከሸካ ደጋ የሚነሳው ውሃ ወደ ባሮ፣ ከባሮም ወደ ነጭ ዓባይ ይወርዳል። የሸካ ሰው ቀፎ የሚሰቅልበትን የደን ድርሻ “ኮቦ” ብሎ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፍ፣ ደን የሚጠብቅ ባለሥልጣን ገና አልተሾመም ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ምድር ከተስተካከለች በኋላ በእርሷ ላይ እንዳናበላሽ በሱረቱል አዕራፍ አዝዞናል። በሱረቱል በቀራ ቁጥር 204 እና 205 ላይ ደግሞ ስለ አንድ ዓይነት ሰው ያስጠነቅቀናል። ንግግሩ ደስ የሚያሰኝ፣ በልቡ ያለውን አላህን የሚያስመሰክር፣ ዞር ሲል ግን አዝመራንና ዘርን ለማጥፋት የሚሮጥ ሰው ነው። ይህን አንቀጽ የምርጫ ሰሞን ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው፣ ንግግርና ሥራ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም።

ከንግግር ይልቅ የሥራ ዱካን ማየት ማለት ምን እንደሆነ ከቅርባችን አንድ ታሪክ እናንሳ።

በ2002 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል፣ በማጃንግ ዞን፣ በጎደሬ ወረዳ ጉማሬ በሚባል ቦታ 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ልማት ቬርዳንታ ሐርቨስትስ ለተባለ የሕንድ ኩባንያ ለ50 ዓመት ተከራየ። ቦታው ማጃንጎች ማር የሚቆርጡበት ደን ነበር። የማጃንግ ተወካዮች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ለወቅቱ ፕሬዚዳንት ለግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አቤት አሉ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወደ ሥልጣን ከመምጣታቸው በፊት ለም ኢትዮጵያ የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። በሕገ መንግሥቱ የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ከሥነ ሥርዓት ብዙ አያልፍም። ሆኖም ደኑ እንዲጠበቅ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉ። መሥሪያ ቤቱን በዚያ ጊዜ ይመሩት የነበሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። መሥሪያ ቤቱም ደኑ እንዳይነካ ደግፎ ለግብርና ሚኒስቴር አሳወቀ። ሚኒስቴሩ ግን በውሳኔው ጸና።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሊደረግለት ይገባል። በዚያ ዘመን ግን የግብርና ፕሮጀክቶችን ግምገማ የማየት ሥልጣን በውክልና ለራሱ ለግብርና ሚኒስቴር ተሰጥቶ ነበር። መሬቱን የሚያከራየውም፣ ኪራዩ ጉዳት አለው የለውም ብሎ የሚፈርደውም አንድ ቤት ሆነ ማለት ነው። በግንቦት 2002 በተካሄደው ምርጫ ደግሞ ከ547 የምክር ቤት መቀመጫዎች 545ቱ በገዢው ፓርቲና በአጋሮቹ እጅ ገብተው ነበር። በእንዲህ ያለ ምክር ቤት ውስጥ ተነስቶ “የጉማሬ ደን ጉዳይ ምን ደረሰ?” የሚል ሰው ማግኘት ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሥልጣኑ ትንሽ የነበረ ሰው በሚችለው ልክ ብዕሩን አነሳ፤ ይህ በዱካው ላይ ይጻፍለታል። ሥልጣኑ ያለው ወገን ፈረመ፤ ይህም ይጻፍበታል። ሁለተኛ፣ የመሪ ደግነት ብቻውን ደን አያድንም። ጠያቂ ምክር ቤት፣ ከአከራዩ የተለየ መርማሪና የሚሰማ ሕዝብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕጩን ስንጠይቅ “ደን ትወዳለህ ወይ?” ብለን ማቆም የለብንም። “ይህን አሠራር ትለውጣለህ ወይ?” ማለት አለብን።

በእስልምና ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመዲናን ዙሪያ ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አራዊቱም እንዳይታደን ሐረም አድርገውታል። ከእርሳቸው በኋላ ዑመር (ረ.ዐ) “ሒማ” የተባለውን የተከለለ የግጦሽ መሬት እንዲጠብቅ ሁነይ የተባለ ሰው ሾሙ። የሰጡት መመሪያ በቡኻሪ ተዘግቧል። በዳይ እንዳይሆን፣ የተበዳይን ዱዓ እንዲፈራ አስጠነቀቁት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድሃ አስገባ አሉት። የዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍንና የዑስማን ኢብን ዐፋንን መንጋ ግን ከልክል አሉት። ምክንያቱንም ነገሩት፤ ሀብታሞቹ ከብታቸው ቢያልቅ ወደ ቴምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ ድሃው ግን ከብቱ ካለቀ ልጆቹን ይዞ እኔ ዘንድ እያለቀሰ ይመጣል አሉ።

እንግዲህ አስተውሉ። የተከለከሉት ሁለቱ ታላላቅ ሶሐቦች ናቸው፤ ጀነት የተበሰሩ፣ የዑመር የቅርብ ወዳጆች ናቸው። ዑመር መሬቱን ሲጠብቁ በዝምድናም በክብርም አላዩም፤ መጀመሪያ የተመለከቱት የደካማውን መብት ነው። በእኛ አገር ብዙ ጊዜ የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ለትልቁ በሩ ተከፍቶ፣ ቀፎ የሚሰቅለው ማጃንግ “ከደኑ ውጣ” ይባላል።

ደን ጥበቃ የፍትሕ ጉዳይ መሆኑን የሚያሳይ ሌላም ታሪክ እዚሁ ቤንች ሸኮ ዞን አለ። በ2004 ዓ.ም. ከጉራፈርዳ ወረዳ፣ ከሌላ አካባቢ መጥተው የሠፈሩ በርካታ ገበሬዎች ተፈናቅለዋል። ባለሥልጣናት ካቀረቧቸው ምክንያቶች አንዱ የደን ምንጣሮ ነበር። ደን መመንጠር ጥፋት ነው፤ ማንም ያድርገው ማን። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው ደቡብ ምዕራብ፣ በሺሕ የሚቆጠር ሄክታር ደን በፊርማ ለኩባንያ ሲሰጥ “ልማት” ተባለ፤ ድሃው በመጥረቢያ ሲቆርጥ ግን ከነቤተሰቡ መንገድ ላይ ወደቀ። ደንን ምክንያት አድርጎ ሰውን ማፈናቀል ደን ጥበቃ አይደለም፤ ዙልም ነው። “አካባቢን እጠብቃለሁ” የሚል ዕጩ ከማን እንደሚጠብቅና ለማን እንደሚጠብቅ አብሮ ይንገረን።

ወደ ዛሬው ዱካ እንምጣ፤ በዚህም ፍትሐዊ እንሁን። አንድን ወገን መጥላታችን ከፍትሕ እንዳያወጣን አላህ አስጠንቅቆናልና። ዛሬ አገር የሚመራው ብልጽግና ፓርቲ ለምርጫ ሲቀርብ አረንጓዴ አሻራን በኩራት ያቀርባል። መርሐ ግብሩ በ2011 ዓ.ም. ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ሐምሌ 24 ቀን 2017 ደግሞ በአንድ ጀምበር 700 ሚሊዮን ለመትከል ሕዝብ ወጣ። ችግኝ መትከልን የአገር ጉዳይ ማድረጉ በበጎ የሚታይ ነው። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ አገልግለው የሚጣሉ የፕላስቲክ ከረጢቶችን የሚከለክል አዋጅ ማጽደቁም እንዲሁ።

ነገር ግን መዝገቡ ሌላም ገጽ አለው። የአካባቢና የደን ጉዳይ በ2005 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆኖ ነበር። በ2011 ወደ ኮሚሽን ዝቅ አለ። በ2014 የአካባቢ ጥበቃው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሆኖ፣ የደኑ ሥራ ተነጥሎ ወደ ግብርና ዘርፍ ሄደ። ከጉማሬ ታሪክ በኋላ ደንና ግብርና እንደገና በአንድ ጣራ ሥር ሲገቡ ስናይ መጠየቅ መብታችን ነው። ሌላው ነገር ደግሞ የተተከለውን መቁጠር ቀላል መሆኑ ነው። የጸደቀውን ስንት እንደሆነ፣ በዚያው ዓመት የተመነጠረውስ ስንት እንደሆነ በየቀበሌው ቆጥሮ ለሕዝብ የሚናገር ባለሥልጣን እንፈልጋለን። መቶ ዓመት የቆመ ዋንዛ በክንድ በሚለካ ችግኝ አይተካም።

ተፎካካሪ ፓርቲዎችስ? አብዛኞቹ ሥልጣን ስላልያዙ የፈረሙት ውል የለም። ይህ ግን ከጥያቄ አያድናቸውም። የ2013ቱን የምርጫ ክርክሮች ስናስታውስ ቀድሞ ወደ ልባችን የሚመጣው የሰላም፣ የፌዴራሊዝምና የኑሮ ውድነት ጉዳይ ነው፤ የደኑ ጉዳይ አይደለም። ስለ አገር አወቃቀር ሰዓታት የሚናገር ዕጩ ስለ ሸካ ደን ሁለት ደቂቃ የሚናገረው ከሌለው፣ ለዚህ አካባቢ የመጣው ለወንበሩ ነው ብለን ብንጠራጠር አይፈረድብንም።

ከእኛ መካከል “ይህ ሁሉ የጠገበ ሰው ወሬ ነው፤ እኛ የሚያስጨንቀን እንጀራ ነው” የሚል አለ። እንጀራውስ ከየት መጣና? ብዙዎቻችን በቡና ብር ነው የምንማረው፤ አባቱ ቡና አምራች ወይም ነጋዴ የሆነ ወንድም በየዶርሙ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ፣ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 በኋላ ደን ተመንጥሮ በተለቀቀ መሬት ላይ የበቀለ ቡና በኅብረቱ ገበያ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ሕጉ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ግን አልተሻረም። ሻጩ ቡናው የበቀለበትን ማሳ በካርታ ማሳየት ይጠበቅበታል። በየኪ ወይም በሸኮ ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ይህን ካርታ ብቻውን ከየት ያመጣል? ከደኑ ጋር ተስማምቶ የኖረው ይህ ገበሬ፣ ደን መንጥሮ ቡና ከተከለው ጋር አንድ ላይ ተቆጥሮ ገበያ እንዳያጣ ማን ይከራከርለታል? ይህ የእንጀራ ጥያቄ ነው፤ ዕጩዎች ሊመልሱት የሚገባም ነው። በ2017 ዓ.ም. የዓለም የቡና ዋጋ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ሲንር፣ ጥላውን እየቆረጡ ማሳ የማስፋት ፈተናም አብሮ ይመጣል። በዚህ ፈተና ውስጥ የእኛም ቤተሰቦች አሉበት። ለራሳችን እውነቱን እንናገር።

ሌላው ደግሞ “የእኛ ጉዳይ መስጂድ፣ የመቃብር ቦታና ሒጃብ ነው፤ ሙስሊም ዕጩ ካለ እሱን መምረጥ ይበቃል” ይላል። የመብት ጥያቄዎቻችንን ማንም አያቃልላቸው። ነገር ግን የመስጂድ ቦታ የሚሰጠውም፣ የመቃብር ቦታ የሚከለክለውም፣ ደኑን ለባለሀብት የሚያስተላልፈውም የመሬት አስተዳደር ብዕር ነው። ያ ብዕር በጉቦና በዝምድና የሚንቀሳቀስ ከሆነ ዛሬ ደኑን፣ ነገ የመቃብራችንን ቦታ ይሸጠዋል።

በሱረቱል ቀሰስ የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስታውሱ። ከሁለቱ እህትማማቾች አንዷ አባቷን ቅጠረው ስትል ብርቱና ታማኝ መሆኑን ጠቅሳ ነበር። ይህን በምን አወቀች? ሙሳ በውሃው አጠገብ ሰው ተጨናንቆ ሳለ፣ ደካሞቹን አይቶ መንጋቸውን ያለ ክፍያ ሲያጠጣ አይታዋለች። ከመቀጠሩ በፊት የሠራው ሥራ መሰከረለት። የጎሣው ስም አልተጠየቀም፤ የገባው ቃልም አልነበረም። እኛም ዕጩን በዚህ መንገድ እንየው፤ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ የአገራችን ልጅም ይሁን ሌላ።

ስለዚህ እዚህም ይሁን በየትውልድ ቀያችን የምንመርጥ ሁሉ፣ ዕጩ በመጣ ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች በጨዋነት እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ እስከ ዛሬ በያዝከው ኃላፊነት ደንን፣ ወንዝን ወይም መሬትን የሚመለከት ምን ውሳኔ ላይ ፈረምክ? የትኛውን ተቃወምክ?

ሁለተኛ፣ ለባለሀብት የሚሰጥ መሬት ውሉና የተጽዕኖ ግምገማው በቀበሌው ሕዝብ ፊት እንዲነበብ ትሠራለህ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የማግኘት መብት፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይደነግጋልና።

ሦስተኛ፣ ካለፉት ዓመታት ችግኞች በዚህ ወረዳ የጸደቀው ስንት ነው? የት ሄደን እንየው?

አራተኛ፣ ለትንሹ የቡና ገበሬ የማሳ ካርታና የገበያ ጉዳይ ምን አቅደሃል?

አምስተኛ፣ በዲማና በሱርማ በኩል ወርቅ ሲወጣ ወንዙና ከወንዙ የሚጠጣው ሰው እንዳይመረዝ ማን እንዲቆጣጠር ታደርጋለህ?

መልሱን እንጻፍ፣ ቀኑን እንጻፍበት፣ እናስቀምጠው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ ወረቀት ያስፈልገናል። ለጥያቄ የሚቆጣ ዕጩ ደግሞ በቁጣው መልሱን ሰጥቶናል።

ይህን ሁሉ ስንል የራሳችንን ዱካ አንርሳ። ባለፈው ክረምት እኛም እንደ ጀመዓ ችግኝ ተክለናል። ፎቶው በቴሌግራም ቻናላችን ላይ አለ፤ ፈገግታችንም ጥሩ ነበር። በበጋው ውሃ ለማጠጣት ተራ አውጥተን፣ ተራውን ጠብቀን የሄድነው ግን ጥቂቶች ነን። ፈተና ደረሰ አልን፣ ከዚያ ዕረፍት መጣ። ተመልሰን ስናይ አብዛኛው ደርቆ፣ የተረፈውን ፍየል በልቶታል። ዕጩን የምንወቅስበትን ነገር እኛም በትንሹ አድርገነዋል። በዚህ ክረምት ቁጥሩን ቀንሰን፣ ለእያንዳንዱ ችግኝ ተጠያቂ የሆነ ሰው በስሙ መድበን ልንተክል ተስማምተናል፤ ኢንሻ አላህ በሚቀጥለው ዓመት ስንቱ እንደጸደቀ በዚሁ ጋዜጣ እንነግራችኋለን።

ደግሞም ነገ ተመርቀን ከመካከላችን አንዱ የወረዳ መሬት አስተዳደር ባለሙያ፣ አንዱ የተጽዕኖ ግምገማ መርማሪ፣ አንዷ ዳኛ፣ ሌላዋ የምክር ቤት አባል ይሆናሉ። የጉማሬው ዓይነት ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ ይቀርባል፤ አለቃ ይጫናል፣ ዘመድ ይለምናል፣ ኤንቨሎፕ ይመጣል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሁላችንም እረኞች መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ ነግረውናል። ዛሬ ዕጩዎችን የምንጠይቀው ጥያቄ ያን ቀን ወደ እኛ ይመለሳል።

አላህ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። ወሏሁ አዕለም።